ትንሹ ቡድን ትልቁን ይችለዋል ወይ?

በዚህ ዓምድ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳርና ስለ ሕጻናት ክትባት ስታነቡ ለቆያችሁ የዛሬው ርዕስ ሊያስገርማችሁ ይችላል። ስለ አሜሪካን ፉትቦል ነው። የእኛን እግር ኳስ ሳይሆን ያንን እንደ እንቁላል የሾለች ኳስ ይዘው፣ የራስ ቁር ደፍተው የሚላተሙበትን ማለቴ ነው። እሱንም ቢሆን የኮሌጆቹን።

ነገሩ የመጣው ከቤተሰብ ነው። የእህቴ ልጅ ሜሪላንድ ትኖራለች። የበኩር ልጇ በአንድ አነስተኛ ኮሌጅ እየተማረ ለኮሌጁ ቡድን ይጫወታል። ያ ሁሉ ቁመትና ውፍረት ከየት እንደመጣለት በዘራችን የሚያውቅ የለም። ቡድኑ በመጪው ነሐሴ መጨረሻ ስሙ በአገሩ ሁሉ የገነነ ትልቅ ዩኒቨርሲቲን ሜዳው ድረስ ሄዶ ሊገጥም ነው። አባቱ ከወዲሁ የአውሮፕላን ትኬት ያያል። አጎቱ «እንደ አፓላቺያን ጉድ እናደርጋቸዋለን» እያለ ይፎክራል። እናቱ ደግሞ ደውላ «አክስቴ፣ አንቺ ምን ትያለሽ? ይችሏቸዋል?» አለችኝ። ልጁ መጫወት ከጀመረ ወዲህ ቅዳሜ ማታ ከቴሌቪዥኑ እንደማልለይ ታውቃለች።

«ይችሏቸዋል?» የሚለው ቃላችን ግን ሦስት ጥያቄ በአንድ ላይ የጠቀለለ ነው። አንደኛው፣ እኩያቸው ናቸው ወይ? ሁለተኛው፣ በዚያች በአንዷ ቀን ሊያሸንፏቸው ይችላሉ ወይ? ሦስተኛው፣ ጫናውን ይሸከሙታል ወይ? ሰው ሦስቱን ስለሚደባልቅ ነው ክርክሩ ማለቂያ የሚያጣው።

ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። 11 ሰው በ11 ሰው ነው። ኳስ የያዘው ቡድን በ4 ሙከራ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ገደማ፣ ወደፊት መግፋት አለበት። ከገፋ ሌላ 4 ሙከራ ያገኛል፤ ካቃተው ኳሷን ያስረክባል። ኳሷን እስከ ሜዳው ጫፍ ካደረሰ 6 ነጥብ፣ በእግር መትቶ በምሰሶዎቹ መካከል ካሳለፈ 3 ነጥብ ያገኛል። የሚያጠቁትና የሚከላከሉት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ጨዋታው 60 ደቂቃ ሲሆን በ4 ሩብ ይከፈላል። ለዛሬ ይህ ይበቃናል።

አሁን አጎቱ ወደሚፎክርበት ጨዋታ እንሂድ። ቀኑ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 2007 ነው። እኛ እዚህ ሚሌኒየሙን ልንቀበል 11 ቀን ሲቀረን ሽር ጉድ የምንልበት ጊዜ ነበር። በኖርዝ ካሮላይና ተራሮች መካከል ቡን ከምትባል ከተማ የተነሣው አፓላቺያን ስቴት፣ በአገሪቱ 5ኛ ደረጃ የተሰጠውን ሚሺጋንን ሊገጥም ሄደ። አፓላቺያን ያን ጊዜ የሚወዳደረው ከሚሺጋን አንድ እርከን ዝቅ ባለው ምድብ ነበር። የሚሺጋን ስታዲየም በዚያን ዕለት ከ109 ሺህ በላይ ሰው ይዟል። ያ ሁሉ ሰው የመጣው የዓመቱን የመጀመሪያ ድል እያጣጣመ ወደ ቤቱ ሊመለስ ነበር።

እረፍት ሲወጡ አፓላቺያን 28 ለ 17 ይመራ ነበር። በሁለተኛው አጋማሽ ሚሺጋን እየተጠጋ መጣና ከ5 ደቂቃ ያነሰ ሲቀር 32 ለ 31 መራ። በዚህ ጊዜ ማንም ሰው «አለቀ» ይላል። ግን ሚሺጋን ልዩነቱን ለማስፋት በእግር የመታት ኳስ ታገደች። አፓላቺያን ያለ ምንም የእረፍት ጥሪ ሜዳውን አቋርጦ 26 ሰከንድ ሲቀር በ3 ነጥብ ምት 34 ለ 32 አደረገው። ሚሺጋን እንደገና በአንድ ረጅም ቅብብል ተጠጋና በ6 ሰከንድ ከ37 ያርድ መታ። ኮሪ ሊንች የተባለው የአፓላቺያን ተከላካይ ሮጦ አስቀራት። ጨዋታው አለቀ። ከዝቅተኛው እርከን የመጣ ቡድን በደረጃ ሰንጠረዥ ውስጥ ያለ ቡድን ሲያሸንፍ ያ የመጀመሪያው ነበር።

እስኪ ከዚህ ውስጥ ምን እንማራለን? አጎቱ «ልብ ካለ ሁሉ ይቻላል» የሚል ትርጉም ይሰጠዋል። እኔ በበኩሌ ልብ ብቻ ሆኖ አላየሁትም። አፓላቺያን በራሱ ምድብ ሁለት ዓመት ተከታታይ ሻምፒዮን ሆኖ የመጣ ቡድን ነው። አርማንቲ ኤድዋርድስ የሚባል ኳስ አከፋፋይ፣ እነሱ ኳርተርባክ የሚሉት፣ በእግሩም በእጁም ፈጣን ልጅ ነበረው። ሚሺጋን ደግሞ ካለፈው ዓመት ምርጥ ተከላካዮቹ ብዙዎቹ ወደ ፕሮፌሽናል ሄደውበት ነበር። በቀጣዩ ሳምንት ኦሬጎን እዚያው ሜዳው ላይ 39 ለ 7 ሲረመርመው፣ የመጀመሪያው ሽንፈት ከሰማይ የወረደ ተአምር እንዳልነበር ታየ። ትልቁ ያን ጊዜ ሰው እንደገመተው ትልቅ አልነበረም፤ ትንሹም ሰው እንደገመተው ትንሽ አልነበረም።

አጎቱ የማይናገረው ሌላ ነገር አለ። ያው አፓላቺያን ከሦስት ሳምንት በኋላ በራሱ ምድብ ባለው በዎፎርድ ተሸነፈ። በኋላም በጆርጂያ ሳዘርን ተሸንፏል። የዚያን ዓመት ሻምፒዮን የሆነውም ይኸው ቡድን ነው፤ ግን ሚሺጋንን ያሸነፈ ሁሉ ዎፎርድን ያሸንፋል ማለት አልሆነም።

በ2024ም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። ኖርዘርን ኢሊኖይ 5ኛ ደረጃ ላይ የነበረውን ኖትር ዳምን በገዛ ሜዳው 16 ለ 14 አሸነፈ። የመጨረሻዋ ምት እዚህም ታግዳለች። ከዚያ ኖርዘርን ኢሊኖይ በቀጣዩ ጨዋታው በቡፋሎ ተሸነፈ፤ ኖትር ዳም ግን ከዚያች ቀን በኋላ ያለማቋረጥ እያሸነፈ እስከ ብሔራዊው ፍጻሜ ደረሰ። እንግዲህ ማን ነው የተሻለው? ኖትር ዳም ነው፤ ማንም አይከራከርም። በዚያች ቅዳሜ ማን አሸነፈ? ኖርዘርን ኢሊኖይ። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

ይህን ለመረዳት የደም ግፊት መለኪያ ይረዳኛል። አንድ ሰው ደረጃ ወጥቶ ሲያለከልክ መጥቶ ብንለካው ከፍ ብሎ ይገኛል። አንዴ ብቻ ከለካን እንሳሳታለን። አስቀምጠን፣ አረጋግተን፣ ደጋግመን ከለካን እውነተኛው ቁጥር ይወጣል። ፉትቦልም እንደዚሁ ነው። ኳሷ ብዙ ጊዜ በተመላለሰች ቁጥር የእውነተኛው አቅም ልዩነት ይወጣል። ስለዚህ ትንሹ ቡድን የሚጠቅመው ልኬቱ ጥቂት እንዲሆን ነው። ኳሷን ይዞ፣ ቀስ ብሎ፣ ሰዓቱን እየበላ መሄድ አለበት።

ቫንደርቢልት በ2024 አላባማ ላይ ያደረገው ይህን ነው። አላባማ ያን ሳምንት በአገሪቱ 1ኛ ነበር፤ ከሳምንት በፊት ጆርጂያን አሸንፎ የመጣ። ቫንደርቢልት በበኩሉ በዚያው ወቅት በጆርጂያ ስቴት ተሸንፎ ነበር። አቋማሪዎቹ ለአላባማ ከ20 ነጥብ በላይ ብልጫ ሰጥተውታል። ቫንደርቢልት ከ60 ደቂቃው 42ቱን ደቂቃ ኳሷን ራሱ ያዛት። አላባማ የቀረችው 18 ደቂቃ ብቻ ናት። በ18 ደቂቃ ውስጥም 35 ነጥብ አገባ፤ ያን ያህል አደገኛ ነበር ማለት ነው። 30 ደቂቃ ቢያገኝ ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብላችሁ አስቡት። ቫንደርቢልት ግን 40 ለ 35 አሸነፈ። አላባማ ኳስ ተነጥቋል፤ ቫንደርቢልት አንድም አልተነጠቀም። ከ1984 ወዲህ አላባማን ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ስለነበር ተማሪዎቹ የጎል ምሰሶውን ነቅለው በናሽቪል ጎዳና ተሸክመውት ሄደው ከምበርላንድ ወንዝ ውስጥ ጣሉት። የእኛ ልጆች ቢያደርጉት ምን እንደሚባል አላውቅም፤ እዚያ ግን ሳቅ ነው።

የተገላቢጦሹን ለማየት ቲሲዩን እንመልከት። ይህ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በ2022 ከምድቡ 7ኛ ይወጣል ተብሎ ተገምቶ እስከ ብሔራዊው ፍጻሜ ደረሰ። በግማሽ ፍጻሜው ሚሺጋንን 51 ለ 45 አሸነፈ። ያንን ጨዋታ አይቶ «እነዚህ ልጆች ማንንም ይችላሉ» ያላለ ሰው አልነበረም። ልብ ብሎ ላየው ግን ቲሲዩ በዚያ ጨዋታ ሁለት ጊዜ ኳስ ነጥቆ በቀጥታ ወደ ነጥብ ቀይሯል። ነጠቃ ደግሞ እንደ ዝናብ ነው፤ በመጣ ጊዜ ትጠቀማለህ እንጂ ነገም ይመጣል ብለህ አትዘራም። ከ9 ቀን በኋላ፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 2023፣ ከጆርጂያ ጋር ሲገናኙ ነጠቃው አልመጣም። እረፍት ሲወጡ 38 ለ 7፣ ሲጠናቀቅ 65 ለ 7። ጆርጂያ ከፊት መስመር ላይ ያሉት ሰዎቹ ይበልጡ ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጀምሮ ያስታውቅ ነበር።

የፊት መስመር ያልኩት ዋናው ነገር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው ኳስ በያዘው ላይ ነው። እናንተ ግን ኳሷ ከመነሳቷ በፊት ጎንበስ ብለው ፊት ለፊት የሚፋጠጡትን እዩ። ላይንማን ይሏቸዋል። በአጥቂው በኩል 5 ናቸው፤ በትልልቆቹ ቡድኖች እያንዳንዳቸው ወደ 140 ኪሎ ይጠጋሉ። ኳሷ በተነሳች ቁጥር ይጋጫሉ፤ በአንድ ጨዋታ ውስጥ ከ60 ጊዜ በላይ። ማን ማንን ወደ ኋላ ይገፋል? በመጀመሪያው ሩብ ትንሹ ቡድን ብዙ ጊዜ ይቋቋማል፤ ጉልበት አለ፣ ወኔ አለ። ጥያቄው በ3ኛው ሩብ መጨረሻ ላይ ነው። እጁን ወገቡ ላይ የሚያደርገው ማን ነው? ተንበርክኮ ለመነሳት የሚዘገየው ማን ነው? በቀዶ ሕክምና ክፍል በቆምኩባቸው ዓመታት ሰው ሲደክም መጀመሪያ የሚናገረው አፉ ሳይሆን ትከሻው እንደሆነ አይቻለሁ።

ድካም ደግሞ የተጠባባቂ ጉዳይ ነው። በ2007 በላይኛው እርከን ያለ ቡድን 85 ተጫዋች በስኮላርሺፕ እንዲይዝ ይፈቀድለት ነበር፤ የታችኛው እርከን ቡድን የተፈቀደለት የ63 ሰው ያህል ነበር። ደንቡ ከዚያ ወዲህ ተለውጧል፤ ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ መክፈል ተፈቅዶላቸዋል። ይህ ክፍተቱን የሚያሰፋው ይመስለኛል እንጂ አያጠብበውም። የመጀመሪያዎቹ 11 ከ11 ጋር ሊቀራረቡ ይችላሉ። 30ኛው ሰው ከ30ኛው ሰው ጋር ሲነጻጸር ነው ገደሉ።

ሌሎችም የሚታዩ ነገሮች አሉ፤ ኳርተርባኩ ልምድ ያለው ነው ወይ፣ ኳስ መቺያቸው ይታመናል ወይ፣ ትልቁ ቡድን በቀጣዩ ሳምንት ከባድ ጨዋታ ስላለው ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው ወይ። እነዚህን ማንም ያያቸዋል። በነገራችን ላይ «ሲስተር፣ እንግዲያው ትንሹ ላይ ላስይዝ?» ለምትሉኝ የሰፈሬ ወጣቶች፣ አቋማሪው ቤት እኔ የጻፍኩትን ሁሉ ከእኔ በፊት አስልቶታል። እነዚያ ነጥቦች በዘፈቀደ አይሰጡም። የቤቲንግ ቤቱ ኪራይ ከማን ኪስ እንደሚከፈል አስቡት።

እንዲህ ያለ ያልተመጣጠነ ግጥሚያ ለምን ይዘጋጃል ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ገንዘብ ነው። ትልቁ በሜዳው ቀላል ድል ይፈልጋል፤ ትንሹ የስፖርት ክፍሉን በጀት መሙላት ይፈልጋል። ሚሺጋን ለአፓላቺያን 400 ሺህ ዶላር ከፍሏል። ኖትር ዳም ለኖርዘርን ኢሊኖይ 1.4 ሚሊዮን ዶላር። ሁለቱም ከፍለው ተሸነፉ፤ ይህ ግን የሚወራው ብርቅ ስለሆነ ነው። በየዓመቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ትንንሽ ቡድኖች ቼካቸውን ተቀብለው፣ 40 እና 50 ነጥብ ገብቶባቸው፣ የተጎዱትን ይዘው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ስለእነሱ ፊልም አይሠራም።

እዚህ ላይ ነው የእናቱ ጥያቄ የሚገባኝ። እሷ «ይችሏቸዋል?» ስትል ስለ ውጤቱ አይደለም። ልጇ ላይንማን ነው። ከእሱ በ15 ኪሎ ከሚበልጠው ሰው ጋር ከሰዓት በፊትም ከሰዓት በኋላም ሲጋጭ ሊውል ነው። እኛ ነሐሴ ላይ በዝናብ ስንንቀጠቀጥ እነሱ ዘንድ ሙቀቱ ገና አልወጣም። ተጠባባቂ የሌለው ቡድን ልጅ በሜዳው ላይ ይቆያል፤ የሚቆይ ልጅ ይግላል።

የሜሪላንድ ሰዎች ጆርዳን ማክኔርን አይረሱትም። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ላይንማን ነበር፤ 19 ዓመቱ። በሜይ 2018 ልምምድ ላይ በሙቀት ተመትቶ ወደቀና ከሁለት ሳምንት በኋላ ሞተ። በበረዶ ውሃ አልተነከረም ነበር። ዩኒቨርሲቲው ኃላፊነቱን በይፋ ተቀብሏል። ያ ልጅ የሞተው በትልቅ ቡድን ውስጥ፣ ተጋጣሚ በሌለበት፣ በልምምድ ላይ ነው። ስለዚህ አደጋው የትንንሾች ብቻ ነው አልልም።

በስፖርት ላይ ሙቀት የመታው ሰው የግድ ቆዳው ደረቅ አይሆንም፤ ላብ እያለበትም ሊሆን ይችላል። ይንገዳገዳል፣ ቃላት ይምታቱበታል፣ ያለ ምክንያት ይቆጣል። የሰውነቱ የውስጥ ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፏል ማለት ነው። እዚያ ላይ አምቡላንስ እስኪመጣ መጠበቅ ወይም ጭኖ ለመሄድ መሯሯጥ ትክክል አይደለም። አምቡላንስ ይጠራል፤ ልጁ ግን እዚያው በበረዶ ውሃ ገንዳ ይነከራል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው ወደ ሆስፒታል የሚሄደው። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው ወሳኙ። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ደግሞ የመናወጥ ምልክት ካሳየ በዚያን ቀን ወደ ሜዳ መመለስ የለበትም፤ ይህ የኮሌጆቹም ደንብ ነው፤ ልጁ «ደህና ነኝ» ቢልም።

ስለዚህ ለእህቴ ልጅ ስለ ኳርተርባኩ ትታ ሦስት ነገር ልጇን እንድትጠይቅ ነገርኳት። ለአምስቱ የመስመር ቦታ በየተራ የሚገቡ ስንት ናችሁ? የበረዶ ገንዳ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ ወይስ ባለ ሜዳዎቹ ያቀርባሉ? የጤና ባለሙያው «ይውጣ» ካለ አሰልጣኙ ሊሽረው ይችላል? መልሱ በማግስቱ መጣ። 8 ናቸው፤ ገንዳው በባለ ሜዳው በኩል ነው፤ ባለሙያው ያለውን አሰልጣኙ አይሽርም። 8 ለ5 ቦታ ደህና ነው፤ 10 ቢሆን ደስ ባለኝ። እሷም ትኬቷን ቆርጣለች፤ ቤት ሆና በቴሌቪዥን ከምታየው እዚያው ብትገኝ ይሻላታል ብያለሁ።

ግምቴን በግልጽ ንገሪን ካላችሁኝ፣ እኩያቸው አይደሉም። ለማሸነፍ ኳሷን ከ35 ደቂቃ በላይ መያዝ፣ አንድም አለመነጠቅና ቢያንስ ሁለት መንጠቅ ያስፈልጋቸዋል፤ ሦስቱ በአንድ ቀን ሲገጥሙ ብዙ ጊዜ አላየሁም። እስከ እረፍት በ10 ነጥብ ልዩነት ውስጥ ይቆያሉ፤ በ3ኛው ሩብ መጨረሻ ትከሻቸው ይወርዳል፤ በ24 ነጥብ ገደማ ይሸነፋሉ። ይህን ለአጎቱም ነግሬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ስደውልለት ስልኩን ለሚስቱ ነው የሚሰጠው።